የበሬሳ ምንጣፍ

ያንን ምንጣፍ የሠራሁት ለአንድ ሰው እግር ነው። በኋላ ሰው እየመጣ ማየቱ፣ «ለእኔም እንዲህ ያለ ሥሩልኝ» የሚለው መብዛቱ፣ ያ ሁሉ በሐሳቤም አልነበረም። የማስበው የአባቴን እግር ብቻ ነበር። ከደጃፋችን ድንጋይ ተነሥቶ ጣራችን ሥር ሲገባ፣ ምንጣፉ ላይ ሲያርፍ፣ ወደ ወንበሩ ሲራመድ ይታየኛል፤ ወዲያው ደግሞ ደጃፉ ላይ ቆሞ ሲመለስ ይታየኛል። ገበያ ቆሜ ሳይቀር አስበው ነበር። አንድ ቀን ሽንኩርት የምትሸጥ ሴትዮ «አንቺ፣ ትገዢዋለሽ ወይስ ታፈጥጪበታለሽ?» ብላ ተቆጥታኛለች።

አባቴ አንኮበር የሚያገለግሉ ቄስ ነበሩ። እኔ ደብረ ብርሃን አክስቴ ዘንድ ተቀምጬ ልማር መጣሁና ሸማኔ አገባሁ። በአንድ መስመር ሲጻፍ ቀላል ይመስላል። ያኔ፣ በጃንሆይ ጊዜ፣ የቄስ ልጅ ሸማኔ አገባች ማለት አገር የሚያነጋግር ጉድ ነበር። ባሌ ሽማግሌ ላከ፤ አባቴ መለሷቸው። እንደገና ላከ፤ እንደገና መለሷቸው። መጨረሻ ላይ ሽማግሌዎቹ ይዘውት የመጡትን ቃል ዛሬም አልረሳሁትም። «ከቁጢት በጣሽ እጅ ውሃ አልቀበልም፤ ቤቱንም አልረግጥም» አሉ አባቴ።

ቁጢት በጣሽ ያኔ ሸማኔን መስደቢያ ነበር። ባሌ ቃሉን ሰማ፣ ራሱን ነቀነቀ፣ እግሩን ከሸማ ዕቃው ጉድጓድ ከትቶ መወርወሪያውን አነሣና ሥራውን ቀጠለ። በእርሱ ፈንታ እኔ ተናደድኩ፣ በእርሱ ፈንታ አለቀስኩ፤ እንዲያውም እርሱ አለመናደዱ አናደደኝ። እንዲህ ነኝ እኔ። የሌላውን ሰው ድርሻ ጨምሬ ነው የምጨነቀው። አክስቴ «አንቺን ሳይ ያልመጣው ሁሉ የመጣ ይመስለኛል» ትለኝ ነበር።

ተጋባን። አባቴ አልመጡም። እናቴ ደግሞ አባቴ ባልዋሉበት መዋል አትችልም። ነገር ግን ጥቂት ወራት እንዳለፉ፣ ከአልዩ አምባ በርበሬና ጨው ጭነው በአንኮበር በኩል ደብረ ብርሃን ገበያ የሚመጡ አንድ ነጋዴ ደጃችንን አንኳኩና ጆንያ ሙሉ የበግ ጠጉር አስረከቡኝ። እናቴ ልካው ነው። ነጩ ነጭ፣ ጥቁሩ ጥቁር፣ ቡኒው ቡኒ ሆኖ ተለይቶ ታስሯል። ቡኒው ከማን እንደ ተሸለተ ገና ስነካው አወቅኩት፤ እኔ ጡጦ አጥብቼ ያሳደግኳት በግ ነበረች። የላከችው ብዙ ቃል አልነበረም። «ፍተዪው» ነው ያለችው።

ከዚያ በኋላ ነጋዴው በመጡ ቁጥር አንድ ነገር ሳያመጡልኝ አይቀሩም። እኔ እፈትላለሁ፣ ባሌ ባና ይሸምናል፤ ብርድ ልብስ ማለት ነው፣ የደብረ ብርሃንን ቁር ያለ እርሱ የሚችለው የለም። ልጅ ወለድን። ልጁን ካገኘሁ በኋላ ጭንቀቴ የሚቀንስ መስሎኝ ነበር። ጨመረ እንጂ። አያቱ ሳይባርኩት የሚያድግ ልጅ ይዤ የተቀመጥኩ መሰለኝ። ትንሽ ባነጠሰ ቁጥር ባሌን ከሥራው አስነሥቼ «ስማ፣ ስማው» እለዋለሁ። «አነጠሰ» ይለኛል፤ ሌላ ነገር የለም።

በአንድ የኅዳር ገበያ ቀን ነጋዴው በቅሏቸውን ደጅ አስረው ገቡና ውሃ ከጠጡ በኋላ እንዲህ አሉኝ።

«አባትሽ ከጥምቀት በኋላ ለቤተ ክህነት ጉዳይ ወደዚህ ይመጣሉ። መልእክት አለሽ። ‹ደጃቸው ድረስ ሄጄ ሕፃኑን አያለሁ በላት› ብለውኛል።»

እንዝርቴን አስቀመጥኩ። «ደጃቸው ድረስ ነው ያሉት?»

«ደጃቸው ድረስ።»

«ቤታቸው አላሉም?»

«ወላሂ፣ እንደሰማሁት ነው የነገርኩሽ።»

«እገባለሁ አላሉም?»

«አልገባምም አላሉ፣ እህቴ። አላህ ያግራው። እኔ በርበሬ ነው የምነግደው፤ የሰው ልብ ውስጥ ያለውን በምን ልወቀው?» አሉና ሳቁ። እኔ አልሳቅኩም። ከዚያ ቀን ጀምሮ «ደጃቸው ድረስ» የምትለዋን ቃል ስፈትልም ስጋግርም አነሣትና እጥላት ጀመር። ባሌን ብጠይቀው «ሲመጡ ይታያል» አለኝ። እንዲህ ያለ ሰው ነው የሰጠኝ።

ቤታችን የቆርቆሮ ክዳን ነበረው፤ በዚያ እንኮራ ነበር። ወለሉ ግን አፈር ነው፣ እበት የተለቀለቀ። በከተማው ግን ነገር እየተለወጠ ነበር። የአንድ ዳኛ ሚስት ዘንድ ባና ላደርስ ሄጄ ሳሎን የሚባለውን አይቻለሁ፤ የሲሚንቶ ወለል፣ ሶፋ፣ በእግር የሚረገጥ ቀይ ምንጣፍ። ግድግዳው ላይ ደግሞ ከውጭ አገር የመጣ ሌላ ምንጣፍ ተሰቅሏል፤ ጅራቱን የዘረጋ ጣዎስ አለበት። ሴትዮዋ «አያምርም?» አሉኝ። ያምራል። ግን ደብረ ብርሃን ውስጥ ጣዎስ ያየ ማን አለ? ይህ ወፍ ከማን ወገን ሆኖ ነው እዚህ ግድግዳ ላይ የወጣው እያልኩ ወደ ቤቴ ሄድኩ። ድልድዩ ላይ ስደርስ ቆምኩ። ከሥሬ የበሬሳ ወንዝ ይወርዳል። ላይ በኩል ቀጫጭን ጅረቶች ይገቡበታል፣ ታች ደግሞ መስኩን ሲያገኝ ተከፋፍሎ ይተኛል። እኛ የምናውቀው ውሃ ይህ ነው። ባሌንም መጀመሪያ ያየሁት እዚሁ ድልድይ ሥር ጠጉር ሲያጥብ ነው።

ሐሳቡ የመጣልኝ እንደዚያ ነው። ሱፍ አለን። ሸማኔ አለን። ባና ለመልበስ ይሸመናል፣ ወፍራሙ ለመቀመጫ ይነጠፋል፤ ታዲያ በሬሳ ያለበት ምንጣፍ ለምን አይሠራም? አባቴ ሲመጡ የሸማኔ ቤት እበት ወለል አይደለም የሚያዩት፤ እንደ ዳኛው ሳሎን ያማረ፣ ግን የእኛው የሆነ ነገር ነው። ያንን እያዩ ደጅ ቆመው መመለስ አይችሉም። እንዲህ ብዬ ራሴን አሳመንኩ።

ባሌን ይዤው ወደ ድልድዩ ሄድኩና «ይህን ሸምንልኝ» አልኩት።

ውሃውን አየ፣ እኔን አየኝ። «ወንዝ ይሸመናል?»

«ጣዎስ ከተሸመነ ወንዝ ምን ያንሰዋል?»

ጣዎሱን አላየውም ነበርና ነገሩ አልገባውም። ቢሆንም እሺ አለ። እርሱ እሺ ሲል ደግሞ እኔ ፈራሁ።

ሰማያዊውን ቀለም ነጋዴው አመጡልኝ፣ በወረቀት የተጠቀለለ። የመጀመሪያውን ልቃቂት ስነክረው እኩል አልያዘም፤ አንዱ ጋ ጠቁሮ አንዱ ጋ ነጣ። ጨርሼ አበላሸሁት ብዬ ምድጃው አጠገብ ቁጭ አልኩ። ባሌ መጥቶ ክሩን ብርሃን ላይ ዘረጋው። «በሬሳስ መቼ አንድ ዓይነት ነው? ጥልቁ ጋ ይጠቁራል» አለና ይዞት ሄደ። በዚያ ዘመን ከተናገረው ሁሉ ረጅሙ ንግግሩ ይህ ይመስለኛል።

የባና ሸማ ዕቃ ጠባብ ነው። በአንድ ጊዜ ሰፊ ነገር አይወጣም፤ ጠባብ ጠባብ ሆኖ ተሸምኖ ጎን ለጎን ይሰፋል። ስለዚህ ምንጣፉን ቁራጭ በቁራጭ ነው የሠራነው። አንዱ ሲያልቅ ይጠቀለልና ሌላው ይጀመራል። መካከለኛው ቁራጭ ላይ ወንዙ ከላይ እስከ ታች ይሄዳል። የተጣላነው በእርሱ ነው።

«ቀጥ አድርገኸዋል!» አልኩት። «ውሃ እንደ ወታደር ተሰልፎ ይሄዳል እንዴ?»

«ዕቃው ቀጥታ ነው የሚወደው።»

«አንተ ነህ የምትወደው!»

ክርክሩ ብዙ ቀን ቆየ። በመጨረሻ ተስማማን፤ ወንዙ መሐሉ ላይ ቀጥ ይበል፣ ሁለቱ ጫፎቹ ግን ይከፈቱ፤ ላይ በኩል ጅረቶቹ ሲገቡ፣ ታች በኩል መስኩ ላይ ሲበተን። ድልድዩን ደግሞ በዚያች በቡኒዋ በግ ጠጉር ከዳር እስከ ዳር አሻገርነው። ወንዙን የሚቆርጠው ከመሐል አይደለም፣ ወደ አንዱ ጫፍ ጠጋ ብሎ ነው፤ በእውነትም ድልድዩ ጅረቶቹ ከሚገቡበት ብዙ አይርቅም። የድልድዩ ሁለት ጫፎች ባዶ ሲመስሉኝ መርፌ ይዤ ትናንሽ አራት ማዕዘኖች ጠለፍኩባቸው። ከየት አመጣሁት? አላውቅም። እጄ የሚያውቀው ጥልፍ ነው፤ ከልጅነቴ ጀምሮ በእናቴም ቀሚስ፣ በእኔም ቀሚስ ላይ የነበረ። በተረፈው ክር ሁለት የወንበር ትራስ ሠራሁ፤ እነርሱም ላይ ትንሽ ትንሽ ውሃ አለ። ይህን ሁሉ ስሠራ «ያምራል ወይስ አያምርም» አላልኩም። «ይገባሉ ወይስ አይገቡም» ነበር የምለው።

ቁራጮቹ ተሰፉ። ከዚያ የሚቀረው መርገጥ ነው። የበግ ጠጉር ተሸምኖ ብቻ አያልቅም፤ ገንዳ ውስጥ ተጣጥፎ ገብቶ፣ ሙቅ ውሃ እየተጨመረበት፣ በእግር ይረገጣል። ሲረገጥ ይሰበሰባል፣ ይጠብቃል፣ ክሩ ከክሩ ጋር ይያያዛል። ሸማኔ እስከዚያ ድረስ የተሳሳተውን መፍታት ይችላል። ከተረገጠ በኋላ ግን ፈትቼ ልመልሰው ማለት የለም፤ እንዳለ ነው የሚኖረው። ይህን ስለማውቅ ገንዳው ውስጥ ልንገባ ስንል «ቆይ፣ አንድ ጊዜ ዘርግተን እንየው» አልኩት። ባሌ ውሃው ሊበርድ ነው አለ። እውነቱን ነው፤ በዚያ ቁር የሞቀ ውሃ አይጠብቅም። ልጁን አዝዬ፣ የባሌን ትከሻ ይዤ ገባሁ። ከረፋድ ጀምረን ተራ በተራም አብረንም ረገጥን። አንድ ጊዜ ሚዛኔን ስቼ ልወድቅ ስል ባሌ ያዘኝና ሁለታችንም ሳቅን። በነዚያ ወራት ውስጥ ስስቅ ትዝ የሚለኝ ያንን ቀን ብቻ ነው።

በማግስቱ ማለዳ በሬሳ ወስደን አለቀለቅነው። ውርጩ ገና ከሣሩ አልለቀቀም ነበር። ከውሃው ሲወጣ በጣም ስለከበደ ለሁለት ተሸክመን መስኩ ላይ ዘረጋነው። እዚያም ቆሜ ያሰብኩት ይደርቃል ወይስ አይደርቅም ብቻ ነው። ሰማያዊው ወንዝ፣ ቡኒው ድልድይ፣ ነጩ መስክ በደንብ ይለያል። ደስ አለኝ። ወዲያው ደግሞ አባቴ ሳይመጡ ቢቀሩስ ብዬ ደስታዬን አቋረጥኩት።

ጥምቀት አለፈ። ነጋዴው፣ አባቴ ቅዳሜ ይደርሳሉ ብለው ነገሩኝ። ዓርብ ቀን ቤቱን አዲስ እበት ለቀለቅኩ፤ ምንም ምንጣፉ ቢሸፍነው ወለሉ ያሳፍረኝ ነበር። ቅዳሜ ጠዋት ዶሮ ወጡን ጣድኩ። ከዚያ እኔና ባሌ ምንጣፉን ተንበርክከን ዘረጋነው፣ ከውስጥ፣ ከግድግዳው በኩል ጀምረን፣ ጀርባችንን ለግድግዳው ሰጥተን። ድልድዩ ከአባቴ ወንበር አጠገብ እንዲሆን አደረግኩ፤ ሲቀመጡ እግራቸው ሥር እንዲያዩት። ወንበሩ ላይ አንዱን ትራስ አኖርኩ። ከዚያ አነሣሁት። ከዚያ መለስኩት። ባሌ አዲስ ሸማ ለብሶ ጥግ ቆሟል።

«እኔ ልውጣ?» አለኝ።

«ለምን?»

«እኔን ባያዩ ምናልባት…»

ይህን ሲል አሳዘነኝ፤ ማዘኔን ለመደበቅ ቆጣ አልኩ። «የገዛ ቤትህን ትተህ የት ልትሄድ? ቁም እዚያው!»

የበቅሎዋን ኮቴ የሰማሁት ወጡ ጨው አነሰው አላነሰው እያልኩ ስቀምስ ነው። ማንኪያውን የት እንዳስቀመጥኩት አላስታውስም። ስወጣ አባቴ ከበቅሎ ወርደው ነጠላቸውን ያስተካክላሉ። አርጅተዋል። ያን ያህል ዓመት አይደለም የተለያየነው፤ ጢማቸው ግን ነጥቷል። መስቀላቸውን ከኪሳቸው አወጡ፣ ተሳለምኩ፣ ጉልበታቸውን ሳምኩ። ሕፃኑን ተቀበሉኝና ግንባሩ ላይ መስቀሉን አኑረው ደግመው ደጋግመው ባረኩት። ልጁ ጢማቸውን ያዘ። ፈገግ አሉ። አሁን ነው አልኩ በልቤ፤ አሁን ይገባሉ።

ባሌ ጎንበስ ብሎ ቀረበ። መስቀሉን ለእርሱም ዘረጉለት፤ መስቀል ማንንም አይከለክልም። ዓይናቸው ግን ከራሱ በላይ፣ ከአጥሩ ባሻገር ነበር።

«ይግቡ አባባ» አልኩ። 

አባቴ ልጁን ለእኔ መለሱና ወደ በሩ ተራመዱ። ጫማቸውን ደጃፉ ድንጋይ ላይ አወለቁ። ይህን ሳይ ዓይኔ እንባ ሞላ፤ ጫማ ያወለቀ ሰው ሊገባ ነው። አንድ እግራቸውን አነሡ። ወደ ውስጥ አዩ። ያነሡትን እግር መልሰው ድንጋዩ ላይ አደረጉት።

ቆሙ።

ምን ያህል እንደቆሙ አላውቅም። ለእኔ ጊዜው አላልቅ አለ። ከኋላቸው ቆሜ ነጠላቸውን እያየሁ ጠበቅኩ። አይናገሩም፣ አይገቡም፣ አይመለሱም። እንግዲህ የሸማ ዕቃውን አዩት አልኩ፤ ጥግ ላይ አንሶላ አልብሼ ደብቄው ነበር፣ አንሶላው ወድቆ ይሆናል። ወይም የሱፉ ሽታ ነው። ወይም እስከ ደጅ ብለው ለራሳቸው ምለው ነበርና መሐላቸው ትዝ አላቸው።

«አባባ፣ ይግቡ እንጂ፣ ብርድ ነው» አልኩ።



«ተያቸው፣ አታስጨንቂያቸው» አለ ባሌ ቀስ ብሎ።

ያኔ ነው ያለቀብኝ። ከኅዳር ጀምሮ ያጠራቀምኩት ሁሉ በአንድ ጊዜ ወጣ። «የሸማኔ ቤት መግባት ይህን ያህል ከከበደዎት ለምን መጡ?» አልኩ። «ደጅ ቆመው ሊያዩን ነው? ይኸው አዩን! ልጄንም አዩት! እኔ ስንት ቀን…» መጨረስ አቃተኝ። አባቴን እንዲህ ተናግሬ አላውቅም። ልጁ ደንግጦ አለቀሰ። ባሌ መሬት መሬት ያያል።

አባቴ አልተቆጡም። ዞር ሳይሉ እጃቸውን ወደ ኋላ ዘረጉ። «ነይ ወዲህ። እኔ ያለሁበት ቁሚና እዪ።»

ሄጄ አጠገባቸው ደጃፉ ላይ ቆምኩ። ከዚያ በፊት ምንጣፉን ከዚያ ቦታ ሆኜ አላየሁትም ነበር። መስኩም ላይ ቤትም ሁልጊዜ ያየሁት ከጅረቶቹ በኩል ቆሜ ነው፤ ከዚያ ሲታይ ወንዝ ነው፣ ድልድይ ነው። ከበሩ ሲታይ ግን ወንዙ ከእግራችን ሥር ተነሥቶ ወደ ላይ ይወጣል፤ ድልድዩ ከጫፉ ዝቅ ብሎ ግራና ቀኝ ክንዱን ዘርግቷል፤ ጅረቶቹ ጫፉ ላይ ተከፍተዋል፤ የጠለፍኳቸው ማዕዘኖች ሁለቱ ክንዶች ላይ ተንጠልጥለዋል። በጥምቀት ቀን ከታቦቱ ፊት የሚወጣው መስቀል ነው። ምንም አልጎደለውም። ቤቱን ሞልቶ ተኝቷል።

«መስቀል ረግጬ ነው እንዴ የምታስገቢኝ፣ ልጄ?» አሉ አባቴ።

 «በሬሳ ነው፣ አባባ» አልኩ። «ወንዙ ነው። ይህ ድልድዩ ነው፣ በቡኒዋ በግ ጠጉር የሠራነው…» እየተናገርኩ ሳለሁ እንኳን የማየው መስቀሉን ነው። አንዴ ከታየ ወዲያ ወንዙን መልሼ ማግኘት አልቻልኩም።

«የቡኒዋ ጠጉር መሆኑንማ አየሁ» አሉ። «የሸለትኳት እኔ አይደለሁ?» ድንግጥ ብዬ አየኋቸው። እናቴ ተደብቃ ትልካለች ብዬ ነበር የማስበው። እርሳቸው ግን አሁንም ዓይናቸውን ከምንጣፉ አላነሡም። «የሸመነው እርሱ ነው?»

«እርሱ ነው።»

ባሌ ወደ ፊት ራመድ አለ።  ያወራል ብዬ አልጠበቅኩም። «አባታችን» አለ፣ «አንድ ነገር ልንገርዎት። ረግጠነዋል።»

«ዝም በል!» አልኩት በዓይኔ። አላየኝም።

«የበግ ጠጉር ካልተረገጠ አይጠነክርም። ገንዳ ውስጥ ከትተን እኔም እርሷም ቀኑን ሙሉ ረገጥነው። መስቀል መሆኑን አላወቅንም። ግን ረግጠነዋል። ሳይነግሩኝ ገባሁ እንዳይሉ ነው።»

አሁን አበቃ አልኩ። በቃ፣ በቅሎዋ ላይ ይወጣሉ፤ አንኮበር ሄደው የቁጢት በጣሹ ቤት መስቀል ይረገጣል ይላሉ፤ ልጄም ያለ አያት ያድጋል። አባቴ ባሌን አዩት። ከመጡ ጀምሮ ፊቱን በቀጥታ ሲያዩት የመጀመሪያቸው ነበር። ብዙ አዩት። ከዚያ መቋሚያቸውን ለእርሱ ሰጡትና ደጃፉ ላይ ተንበረከኩ። ሁለት እጃቸውን ወለሉ ላይ አድርገው ጎንበስ አሉና ግንባራቸውን ምንጣፉ ላይ፣ ወንዙ መስኩ ላይ የሚበተንበት ጫፍ ላይ አኖሩ። ሳሙት።

ሲነሡ ባሌ ደገፋቸው።

«አንሥታችሁ ስቀሉት» አሉ። «ይህ መሬት የሚነጠፍ አይደለም።»

እየተጣደፍን ጠቀለልነው። ባሌ ከሸማ ዕቃው ችካል አምጥቶ ግድግዳው ላይ መታ፤ እኔ ያዝኩለት። አባቴ እስከዚያ ደጅ ቆመው ጠበቁ። ተሰቅሎ ሲያልቅ በባዶ እግራቸው ገቡ፣ ያን ያህል ባፈርኩበት እበት ወለል ላይ። ወለሉን ዞር ብለውም አላዩት፤ የአንኮበሩም ቤታችን እንዲሁ ነው። «ሳታውቁ ስለረገጣችሁት ስገዱ» አሉን። እኔና ባሌ ጎን ለጎን ሰገድን። ቀና ስል አባቴም ከእኛ ጋር ሲሰግዱ አየሁ።

ወንበሩ ላይ ተቀመጡ። ትራሱን ከሥራቸው አውጥተው ገልብጠው አዩት፤ መስቀል እንደሌለበት ሲያረጋግጡ መልሰው ተቀመጡበት። ሌላ ጊዜ ቢሆን እስቅ ነበር። እኔ ግን ገና አላረፍኩም። ገብተዋል፤ ይበሉ ይሆን? ያ ቃል በጆሮዬ ነበር፤ ከእጁ ውሃ አልቀበልም ያሉት። በእኛ ወግ እንግዳን የሚያስታጥበው የቤቱ ወንድ ልጅ ወይም አማች ነው። ባሌ እንዳይዋረድ፣ እርሳቸውም እንዳይጨነቁ ብዬ ማንቆርቆሪያውን ራሴ አነሣሁ። ሳህኑን በአንድ እጄ ያዝኩና ፊታቸው ጎንበስ አልኩ።

አባቴ እጃቸውን ሰበሰቡ። «አንቺ ተይው» አሉ።

ማንቆርቆሪያውን ይዤ ቀና አልኩ። ይሄዳሉ ማለት ነው። ከሰገዱ፣ ከሳሙት፣ ከተቀመጡ በኋላ ሳይበሉ ይሄዳሉ።

አባቴ ወደ ጥጉ ዞሩ። ባሌ ከእርሳቸው የተቀበለውን መቋሚያ አሁንም በሁለት እጁ እንደያዘ ቆሟል።

«ልጄ» አሉት፣ «ና አስታጥበኝ።»

ባሌ መቋሚያውን ግድግዳው ላይ አስደገፈና መጥቶ ማንቆርቆሪያውን ከእጄ ወሰደ። ጎንበስ ብሎ አንቆረቆረ፤ በዚያ ቀጭን ክር ሁሉ ላይ ስቶ የማያውቅ እጅ ሳህኑን ሳተ። ውሃው ከሳህኑ ውጭ ወለሉ ላይ ፈሰሰ። አባቴ ማንቆርቆሪያው እስኪያልቅ ድረስ እጃቸውን አልመለሱም።